ኤስኤቲ ስንት ያስገባል? ጥቁር መሆንስ ይቆጠራል? ለመራጭ ኮሌጆች የማመልከቻ መመሪያ

መስከረም ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉልኝ አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባ ወላጆች ናቸው። ጥያቄያቸው ሁሌም ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ልጄ ኤስኤቲ 1380 አምጥቷል፤ ያስገባዋል?» የሚል ነው፤ ኤስኤቲ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰድ፣ ከ1600 የሚታረም ፈተና ነው። ሁለተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት፤ «ዘር የሚለው ላይ ጥቁር ብለን ብንሞላ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?»

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ውጤቱ ብቻውን አያስገባም። ማመልከቻው ላይ ዘር የሚሞላበት ሳጥንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ነጥብ የለውም። ውጤቱም ሆነ የልጁ ማንነት ዋጋ የሚኖራቸው፣ ፋይሉን የሚያነበው ሰው ልጁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ሲገባው ነው። ያንን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በየተራው አስቀምጫለሁ።

ይህ መመሪያ ብዙ ሰው አመልክቶባቸው ጥቂት ለሚቀበሉ ኮሌጆች ነው። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከዘጠነኛ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት።
- ስኩል ፕሮፋይል። ይህ ትምህርት ቤቱ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ለኮሌጆች የሚልከው አንድ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ) ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይም ይገኛል።
- እስካሁን የተወሰዱ የኤስኤቲ ወይም የአቻው ፈተና የኤሲቲ ውጤቶች በሙሉ።
- ልታመለክቱባቸው ያሰባችኋቸው ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት (Common Data Set)፤ ኮሌጁ ስለ ቅበላው ራሱ የሚያወጣው የመረጃ ሰነድ ነው። የኮሌጁን ስም ከነዚህ ሦስት ቃላት ጋር አድርጋችሁ ብትፈልጉ ይወጣል።
- የኮመን አፕ አካውንት፤ ለብዙ ኮሌጆች በአንድነት የሚያገለግል የኢንተርኔት ማመልከቻ ነው። አዲሱ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል።
- የወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ ሥራና የታክስ ወረቀት።
- አንድ ደብተር። ልጁ የአንድ ሳምንት ውሎውን በሰዓት በሰዓት ይጻፍበት። ደረጃ 6 ላይ እንፈልገዋለን፤ አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ ኮሌጆቹን በፈተና ፖሊሲያቸው ለዩ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ።

የመጀመሪያው «የግድ ይፈልጋሉ» ነው። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ካልቴክ፣ ስታንፎርድ፣ ኮርኔልና ጆርጅታውን እዚህ ይገባሉ። ዬልም እዚህ ነው፤ ግን በኤስኤቲና በኤሲቲ ምትክ የኤፒ ወይም የአይቢ (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚወሰዱ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች) ፈተና ውጤትም ይቀበላል።

ሁለተኛው «ብትልኩም ባትልኩም» ነው። ኮሎምቢያና ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ በዚህ መንገድ ሲሠሩ ቆይተዋል።

ሦስተኛው «ጭራሽ አያዩም» ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ሁሉ፣ በርክሌይና ዩሲኤልኤን ጨምሮ፣ 1600 ብትልኩላቸውም ለቅበላ አይጠቀሙበትም።

ይህን ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? አንዱ ውጤት በሦስቱ ቦታ ሦስት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። 1380 አንዱ ጋ ግዴታችሁ ነው፣ ሌላው ጋ ምርጫችሁ ነው፣ ሦስተኛው ጋ ምንም ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፖሊሲዎቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። በኮሮና ጊዜ ፈተናውን ትተው የነበሩ ብዙዎች ከ2022 ጀምሮ አንድ በአንድ ተመልሰውበታል። ከጎረቤት ወይም ከዩቲዩብ ሳይሆን ከኮሌጁ የቅበላ ገጽ ላይ ልጁ የሚገባበትን ዓመት አይታችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ኮመን ዳታ ሴቱን አንብቡ

ሰነዱ ረጅም ነው፤ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምንፈልገው።

ሲ7 የሚለውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ኮሌጁ ራሱ የትኛውን ነገር «በጣም አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ይታያል»፣ «አይታይም» እንደሚል እዚያ ምልክት አድርጓል። የክፍል ውጤት፣ የትምህርቱ ክብደት፣ ፈተና፣ ኤሴ (ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ)፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ አካባቢ፣ ከቤተሰቡ የመጀመሪያ የኮሌጅ ተማሪ መሆን፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ሰው «እነሱ የሚፈልጉት እኮ…» እያለ የሚከራከርበት ነገር እዚህ በግልጽ ተጽፏል። የመራጭ ኮሌጆችን ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ቦታ የተቀመጠው የትምህርቱ ክብደትና የክፍል ውጤት ነው።

ቀጥሎ ሲ9ን ክፈቱ። የገቡት ተማሪዎች የፈተና ውጤት በ25ኛ፣ በ50ኛና በ75ኛ ፐርሰንታይል ተቀምጧል። ለምሳሌ 1450 እና 1550 ካያችሁ፣ ከላኩት ውስጥ ሩቡ 1450 ወይም ከዚያ በታች፣ ሩቡ ደግሞ 1550 ወይም ከዚያ በላይ አምጥቷል ማለት ነው።

የተለመደ ስህተት፦ ታችኛውን ቁጥር እንደ መቁረጫ ነጥብ ማየት። እኛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጋር ያደግን ሰዎች ይህ ስህተት ይቀናናል። አገር ቤት መቁረጫ ነጥብ ወጣ ከተባለ ነገሩ አበቃ። እዚህ ግን ከዚያ ቁጥር በታች ሆነው የገቡ አሉ፤ ከላይ ሆነው የቀሩም ሞልተዋል።

ሌላም ነገር አለ። ፈተና በፈቃደኝነት በሚሆንበት ኮሌጅ ከፍ ያለ ያመጣ ነው በብዛት የሚልከው። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይ ተስቦ ይታያል። እዚያው ሲ9 ላይ ስንት በመቶው እንደላከ ተጽፏል፤ እሱን ሳታዩ አትደንግጡ።

ደረጃ 3፦ ውጤቱን ከራሳችሁ ትምህርት ቤት ጋር አስተያዩ

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው።

ስኩል ፕሮፋይሉን አውጡ። የትምህርት ቤቱ አማካይ ኤስኤቲ ስንት ነው? ስንት የኤፒ ኮርስ ይሰጣል? ስንት በመቶው ተማሪ ለአራት ዓመት ኮሌጅ ይሄዳል? የቅበላ ሠራተኛው ይህን ወረቀት ከልጁ ፋይል ጎን አድርጎ ነው የሚያነበው። አማካዩ 1000 በሆነበት ትምህርት ቤት 1380 ያመጣ ልጅና አማካዩ 1350 በሆነበት 1380 ያመጣ ልጅ በፊቱ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የሚቀመጥበትን ክፍል ጣሪያ በጥሶ ወጥቷል።

ዳርትማውዝ በ2024 ፈተናውን ሲመልስ የሰጠው ምክንያት ይሄው ነው። ብዙ ዕድል ካላገኙ ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች ሊጠቅማቸው የሚችለውን ውጤት «ዝቅተኛ ነው» ብለው ሳይልኩ እየቀሩ ነበር። ኮሌጁ ሳያያቸው አለፉ።

እንግዲህ በፈቃደኝነት ለሚሆኑት ኮሌጆች እንዲህ ወስኑ፦

ሀ) ውጤቱ ከኮሌጁ 25ኛ ፐርሰንታይል በላይ ከሆነ፣ ላኩ።
ለ) ከዚያ በታች ሆኖ ከትምህርት ቤታችሁ አማካይ ግን በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ካውንስለሩን አማክሩ። የኔ ምክር በአብዛኛው ላኩ ነው።
ሐ) ከሁለቱም በታች ከሆነ፣ አትላኩ። ጉልበታችሁን ኤሴው ላይ አውሉት።

ደረጃ 4፦ ፈተናውን በልክ ውሰዱ

ኤስኤቲ አሁን በኮምፒዩተር ነው፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ1600 ይታረማል። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሞጁል አለው። የመጀመሪያውን በደንብ ከሠራችሁ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ከፍ ያለ ነጥብ የሚገኘውም በሱ ነው። መጀመሪያው ላይ ከተበላሸ ሁለተኛው ይቀላል፣ ነጥቡም የሚደርስበት ጣሪያ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞጁል ላይ አትጣደፉ።

ልምምዱን በብሉቡክ መተግበሪያና በካን አካዳሚ በነፃ ማድረግ ይቻላል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ለአስጠኚ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ እነዚህን ጨርሷቸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ካውንስለሩን ፊ ዌቨር (ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ) ጠይቁ። አሜሪካ ላሉ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ኤስኤቲ በነፃ ያስፈትናል፤ የማመልከቻ ክፍያም ያስቀራል። ብዙ ወላጅ «ልመና ይመስላል» ብሎ ይተወዋል። አይመስልም። ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ሁለቴ ቢበዛ ሦስቴ ውሰዱ። ብዙ ኮሌጆች ከተለያየ ቀን የተሻለውን ሒሳብና የተሻለውን ንባብ አጣምረው ያያሉ። ለአራተኛ ፈተና የሚባክነው ቅዳሜ ከክፍል ውጤቱ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ሲ7 ላይ ደግሞ የትኛው እንደሚበልጥ አይታችኋል። ጆርጅታውንን የመሰለ የተወሰዱትን ፈተናዎች በሙሉ የሚጠይቅ ኮሌጅም ስላለ፣ «ልሞክረው» ብሎ ሳይዘጋጁ መግባት ጥሩ አይደለም።

ደረጃ 5፦ የዘር ሳጥኑን በእውነት ሙሉ ወይም ባዶ ተዉ

ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረቡት ክሶች ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ኮሌጅ አንድን አመልካች በዘሩ ምክንያት ብቻ ነጥብ ሊጨምርለት አይችልም። ኮመን አፕ ላይ ሳጥኑ አሁንም አለ፤ ኮሌጆች ግን ፋይሉን ሲያነቡ እንዳይታያቸው መደበቅ ይችላሉ። መሙላት ግዴታ አይደለም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ፦ ብትሞሉትም አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። እውነቱን ሙሉ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት። እዚህ ላይ እንቅልፍ አታጡ።

ግን ፍርዱ ሌላም ነገር ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ነው ዜናውን የሚዘጋው። አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው፣ በመድልዎም ይሁን በሚያበረታ ነገር፣ ራሱ ቢጽፍ ኮሌጁ ያንን ማንበብና ማገናዘብ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ታሪኩ ከልጁ ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር መያያዙ ነው። «ጥቁር ነኝ» የሚለው አይቆጠርም። «ይህ ደርሶብኝ ይህን ተማርኩ፣ ይህን ሠራሁ» የሚለው ግን ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሌለ ዘር ወይም የሌለ ታሪክ እንዳትሞሉ፣ አደራ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እውነት ነው ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ውሸት ከተገኘ ከገቡ በኋላም ያስባርራል።

ደረጃ 6፦ ከዘር ውጭ ያለውን ሁኔታ በየቦታው አስገቡ

ብዝኃነት ማለት የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም። ገቢ፣ አካባቢ፣ ቋንቋ፣ ስደት፣ ቤት ውስጥ ያለ ኃላፊነት፣ ሁሉም ይታያል። ግን ካልተጻፈ ማንም አያውቀውም። አራት ቦታ አለላችሁ።

የቤተሰብ ክፍል። የወላጅ ትምህርትና ሥራ እዚህ ይሞላል። የምንሳሳተውም እዚህ ነው። አባት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቆ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል እንበል። ሰው «እዚህ አገር ስላልተማረ ልጁ ከቤቱ የመጀመሪያው ነው» ብሎ ይሞላል። አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ዲግሪ ነው፣ የትም ይሁን። ዲግሪውንም የፓርኪንግ ሥራውንም በእውነት ጻፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንባቢው ስደቱ ቤተሰቡን ምን እንዳስከፈለው ሳይነገረው ይገባዋል። ወላጆቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሌላቸው ግን ይህ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ በሐፍረት አትደብቁት።

የእንቅስቃሴ ዝርዝር። አሥር ቦታ አለ፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል ብቻ ነው። ከምድቦቹ ውስጥ «የቤተሰብ ኃላፊነት» እና «የተከፈለ ሥራ» የሚሉ አሉ። ከትምህርት በኋላ ታናሽ እህቱን የሚጠብቅ፣ አያቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉም ልጅ «ክለብ የለኝም» ብሎ ባዶ ይተወዋል። ደብተሩን ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ቆጥራችሁ አስገቡት።

ተጨማሪ መረጃ። ቦታው ትንሽ ነው፤ ከ2025 ጀምሮ 300 ቃል ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ከወረደ ለምን እንደወረደ እዚህ ይጻፋል። ለቅሶ አይደለም፤ ቀን፣ ምክንያት፣ ከዚያ በኋላ የሆነው፣ አለቀ።

የካውንስለሩ ደብዳቤ። ካውንስለሩ መቶዎች ተማሪ ይዞ ስለ እናንተ ቤት ምንም ላያውቅ ይችላል። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። የቤቱን ሁኔታ ሌላ ሰው ሲመሰክር ክብደት አለው።

ደረጃ 7፦ ኤሴውን ከአንድ ቅዳሜ ጀምሩ

ዋናው ኤሴ እስከ 650 ቃል ነው። የልጆቻችን የመጀመሪያ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ኢትዮጵያ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አላት፣ ቅኝ አልተገዛችም፣ ቡና የተገኘው ከኛ ነው፣ ወላጆቼ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍለዋል። ሁሉም መልካም ነገር ነው። ግን ልጁ የለበትም። አንባቢው አገር ሳይሆን ተማሪ ነው የሚቀበለው።

የረዳሁት አንድ ልጅ እንዲህ ጽፎ መጣ። ወረቀቱን አጥፌ «ቅዳሜ ጠዋት ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ምንም። እናቴን ነው የማግዘው» አለኝ። እናቱ ትንሽ እንጀራ ቤት አለቻት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። ለስድስት ሱቅ የሚሄደውን እንጀራ አምስት አምስቱን በላስቲክ ያሽጋል። የትኛው ሱቅ ስንት ወሰደ፣ ስንት መለሰ ብሎ ስልኩ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቷል። የተመለሰው ድርቆሽ ይሆናል። ሠንጠረዡ አንድ ሱቅ ሁልጊዜ ረቡዕ ረቡዕ እንደሚመልስ አሳየው፤ ቀነሱለት፤ ኪሳራውም ቀነሰ።

«እናትህ ምን አለች?» አልኩት። ሳቀ። አንድ ሳምንት ሠንጠረዡ «እንዳለፈው ሳምንት ጋግሩ» አለ። እናቱ «እጥፍ ነው የሚያስፈልገው» አለች። ተከራከራት። ቅዳሜ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ እንጀራው አልቆ ሱቆቹ ይደውሉ ጀመር። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ እንደሚለዋወጥ ሠንጠረዡ አያውቅም፤ እናቱ ታውቃለች። በማግሥቱ ሳምንት ሁለት ዓምድ ጨመረ፤ አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለበዓል።

«በቃ፣ ይህን ጻፍ» አልኩት። ኢትዮጵያዊነቱ እዚያ ውስጥ አለ። እናቱም፣ ሃይማኖቱም፣ የሒሳብ ጭንቅላቱም፣ ስህተቱን አምኖ ማረሙም አለ። አንዲት ቦታ ላይ እንኳ «ባህሌ ሀብታም ነው» አላለም።

እናንተም እንዲህ ሥሩ፦ ከደብተሩ ላይ ሌላ ልጅ ሊጽፈው የማይችለውን አንድ ሰዓት ምረጡ። የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ የልጁ ሐሳብ የተለወጠበትን ቦታ ፈልጉ። ኤሴው ያለው እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ ለወላጅ፦ እናንተ አትጻፉለት፣ ከፍላችሁም አታስጽፉለት። የአርባ አምስት ዓመት ሰው እንግሊዝኛ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ይለያል፤ ሥራቸው ማንበብ የሆነ ሰዎች ወዲያው ያውቁታል።

ደረጃ 8፦ ቀኑንና ገንዘቡን አገናኙ

ቀድሞ የሚገባውና አስገዳጅ የሆነው ማመልከቻ፣ ኧርሊ ዲሲዥን፣ በብዛት ኖቬምበር 1 ይዘጋል። ከተቀበሉት መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የኮሌጁን የዋጋ ማስያ ሞልታችሁ እዩ። መደበኛው ማመልከቻ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው።

ለአራት ሰው ቤተሰብ ገቢያችሁ ከ65,000 ዶላር በታች ከሆነ ክዌስትብሪጅን ሳታዩ አትለፉ። ከታላላቅ ኮሌጆች ጋር አገናኝቶ የአራት ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያሰጥ ፕሮግራም ነው። ማመልከቻው ግን ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ይዘጋል። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ «አሁን ነው የሰማሁት» የሚለኝ አንድ ቤተሰብ አላጣም፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ካላችሁ የፋይናንሻል ኤይድ ማመልከቻ ላይ የምትቆጠሩት እንደ አገር ውስጥ ተማሪ ነው። «ዓለም አቀፍ ተማሪ» ብላችሁ አትሙሉ።

ከኢትዮጵያ ሆናችሁ የምታመለክቱ ከሆነ

እስከ ደረጃ 7 ያለው ለእናንተም ይሠራል። ልዩነቱ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከኢትዮጵያ ለሚፈተን ተማሪ የኤስኤቲ ፊ ዌቨር የለም። ብዙ ኮሌጆች ጋ የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጨመርባችኋል፤ ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ። ኤስኤቲ መፈተን ካልተቻለ ሃርቫርድና ዳርትማውዝን የመሳሰሉ በምትኩ የብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚያዩበት መንገድ ስላላቸው ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ጻፉ። ትምህርት ቤታችሁ ስኩል ፕሮፋይል ከሌለው ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፤ ስንት ተማሪ በክፍል፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ፣ እናንተ ስንተኛ እንደሆናችሁ። 85 ከመቶ እዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ መሆኑን አሜሪካ ያለው አንባቢ ሊገምት አይችልም።

ገንዘቡ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። የውጭ ተማሪ የመክፈል አቅም ሳያዩ መርጠው የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚሸፍኑት ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶይን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሌሎቹ ጋ የጠየቃችሁት ገንዘብ መጠን ራሱ በውሳኔው ላይ ይገባል። «ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቃችሁ ሰው አንድ ብር እንዳትሰጡ። ማመልከቻውን ማስገባት የሚችለው ተማሪው ራሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ለማንም አትስጡ።